ከቅንጡ ሆቴሎች ለቤት የሚሆን ዲዛይን ማምጣት፦ ምን ይለካል፣ ምን ይተዋል?

አዲስ_ቁልፍ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተረክበናል። ግድግዳው ገና አልተለሰነም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም አልተዘረጋም። በመጪው ወር ወደ ማራካሽ ጉዞ ስላለን ለቤቱ የሚሆን ሐሳብ ለመሰብሰብ ጥሩ ሆቴል ውስጥ ለማረፍ አስበናል። ችግራችን ስልካችን በሆቴል ፎቶ ቢሞላም ለአናጢና ለለሳኝ ስናሳይ «ስፋቱ ስንት ነው? ከምን የተሠራ ነው?» ሲሉን መልስ የለንም። የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ምን እንለካ? የሞሮኮው ዘሊጅ (በእጅ የሚሠራው ቅብ የሸክላ ጡብ) እና ታደላክት (የኖራ ልስኑ) አዲስ አበባ ላይ ይሠራሉ? ዓይናችንን ቢስበውም መተው ያለብንስ ምንድን ነው?

መለኪያ_በእጅ፦
እንኳን ደስ ያላችሁ። ሳይለሰን መረከባችሁ ጥሩ ነው። ከሆቴል ከሚመጣው ሐሳብ ዋናው ክፍል ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ ሳይፈርስ አይሠራም።

ባለ 5 ሜትር መለኪያ፣ የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስና ሁለት ነጭ ወረቀት ያዙ። ሻንጣ ሳትከፍቱ ጀምሩ። ልብስና ዕቃ ከተበተነ በኋላ የክፍሉ ባዶ ቦታ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የወደዳችሁት ያንን ባዶ ቦታ ነው። በሒሳብ ደብተር ላይ ባለ 5 ሚሊ ሜትሯን አንድ ካሬ በ25 ሳንቲም ሜትር ሒሳብ ያዟት። 1 ለ50 ማለት ነው፤ መሐንዲሱም አናጢውም ያለ ማብራሪያ ያነበዋል።

መጀመሪያ የክፍሉን ቁመት፣ ወርድና ጣሪያ ለኩ። ቀጥሎ ከወለል እስከ ፍራሹ አናት ለኩ። በጥሩ ሆቴሎች ከ60 እስከ 65 ሳንቲም ሜትር አካባቢ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ሲነሣ ጉልበቱ ብዙ እንዳይታጠፍ ተብሎ ነው። ኮመዲኖው ከፍራሹ እኩል ወይም እስከ 5 ሳንቲም ሜትር ዝቅ ይላል። እኛ ጋ አልጋው ከፍ ብሎ ኮመዲኖው 45 ላይ ሲቀር ውኃ ለማንሣት ከአልጋ መውረድ ይመጣል። የአልጋ ራስጌውን ቁመትና ስፋት ያዙ። ብዙዎቹ ከአልጋው ወጥቶ ከኮመዲኖዎቹ ኋላ ድረስ ይዘልቃል፤ ጠባብ ክፍል ሰፊ የሚመስለው በዚህ ነው። በአልጋና በግድግዳ መካከል ያለውን መተላለፊያም ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ አንሶላ ማንጠፍ ይቸግራል፣ 80 እስከ 90 ምቹ ነው።

ከዚያ የሶፋ መቀመጫ ቁመትና ከፊቱ ያለው ጠረጴዛ ርቀት፣ የወለል ጥግ መከለያው ቁመት፣ የእጅ መታጠቢያው ከፍታ፣ የማብሪያና የሶኬት ከፍታ ይለካሉ። እያንዳንዱን ፎቶ ሜትሩ ተዘርግቶ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሡ። ሜትር የሌለበት ፎቶ ለአናጢ ምንም አይነግረውም።

ቀለምን በስልክ አትመኑ። ስልኩ ነጩን በራሱ ስለሚያስተካክል ሞቃቱ ክሬም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። መብራቱን ሁሉ አጥፍታችሁ፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ መስኮት አጠገብ፣ ነጩን ወረቀት ከግድግዳው ጋር አድርጋችሁ አንሡ። ፎቶው ላይ ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ ግድግዳውም በዚያው ልክ ቢጫ ሆኗል ማለት ነው፤ እሱን ቀንሳችሁ ታነቡታላችሁ። የቀለም ፋብሪካ የናሙና ካርድ ይዛችሁ ግድግዳው ላይ ብታስጠጉት ግን ከሁሉም ይበልጣል።

በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ አንድ መስመር ጻፉ፦ ይህን ክፍል ያሳመረው ምኑ ነው? ብርሃኑ፣ ቁመቱ፣ ዕቃው የተሠራበት ነገር ወይስ ባዶነቱ? መልሱ ብርሃኑ ከሆነ ሶፋውን መግዛት ምንም አይጠቅማችሁም።

የብርሃን_ነገር፦
ከላይ የተባለውን እደግፋለሁ። ቅንጡ ሆቴልን ከቤታችን የሚለየው በመጀመሪያ መብራቱ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው።

እኛ ጋ የተለመደው መሀል ጣሪያ ላይ አንድ ጠንካራ ነጭ መብራት መስቀል ነው፣ 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ይሄዳል)። ይህ መብራት ግድግዳውን ያገረጣል፣ ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች ጥላ ይጥላል፣ እንጨቱንም ግራጫ ያደርገዋል። ጥሩ ሆቴል መኝታ ክፍል ውስጥ ጣሪያ መሀል መብራት ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ብርሃኑ ከአምስት ወይም ከስድስት ቦታ፣ በአብዛኛው ከዓይን በታች ይመጣል። ከአልጋው ግራና ቀኝ፣ ከጠረጴዛው፣ ከወንበሩ ጎን፣ ከመጋረጃው ሳጥን ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ።

አምፖል ስትገዙ 2700 ኬልቪን ለመኝታና ለሳሎን፣ 3000 ለማብሰያና ለመታጠቢያ ያዙ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ ሆኖ ዓይን ይረብሻል። ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅሙ፣ ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ ተብሎ የሚጻፈው፣ ከ90 በላይ ቢሆን ቡኒው ቡኒ፣ ቀዩ ቀይ ሆኖ ይታያል። ለ20 ካሬ ሳሎን በድምሩ ከ2000 እስከ 3000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ፣ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል) ይበቃል፤ ይህን በአምስት ቦታ አከፋፍሉት።

አሁን ግድግዳው ክፍት ሳለ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሚነገረው፦ የመኝታው መብራት ከበሩም ከአልጋውም እንዲበራና እንዲጠፋ ይሁን። ለዚህ በሁለቱ ማብሪያዎች መካከል ተጨማሪ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ ያስፈልጋል፤ ከልስን በኋላ ከሆነ መስበር ነው። የአልጋው ማብሪያ ከወለል 70 ሳንቲም ሜትር ገደማ፣ ጋደም ያለ ሰው እጁን ሳያነሣ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ሳሎን ውስጥ ቢያንስ ሦስት መስመር ለዩ፤ የጎን መብራቶቹ በአንድ ማብሪያ አብረው የሚበሩ ይሁኑ። 

ብርሃኑን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ማብሪያ፣ በዲመር፣ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሽ ነገር አለ። ተራው ዲመር ለባለ ክር አምፖል የተሠራ ስለሆነ ዝቅተኛ ጭነት ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ 40 ወይም 60 ዋት። አራት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ ስትሰኩበት 20 ዋት ብቻ ይሆንና ይርገበገባል፣ ይጮኻል፣ አምፖሉም ቶሎ ይሞታል። ለኤልኢዲ የተሠራ ዲመርና «ዲመር ይቀበላል» ተብሎ የተጻፈበት አምፖል፣ ሁለቱም አብረው መሆን አለባቸው። ሱቁ ውስጥ አስበርታችሁ በስልክ ካሜራ እዩት፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር የሚሄድ ከሆነ ተዉት።

መታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ ደግሞ መብራት ከላይ ብቻ አታድርጉ። ከመስታወቱ ግራና ቀኝ፣ ከወለል 160 አካባቢ፣ ፊት ትይዩ ይሁን። የሜካፕም የመላጨትም ጥላ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው።

አዲስ_ቁልፍ፦
በጣም እናመሰግናለን፤ የመስመሩን ነገር ዛሬውኑ ለሠራተኛው እንነግራለን። የዘሊጅና የታደላክት ነገርስ? ሻወር ቤቱን በእሱ ለመሥራት ነበር ሐሳባችን።

ኖራና_ድንጋይ፦
ይህ ሰፋ አድርጎ መናገር ይፈልጋል፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና።

ከሆቴሉ በፊት ማራካሽ ውስጥ ያሉትን የቤን ዩሱፍ መድረሳን (የጥንት የእስልምና ትምህርት ቤት) እና የባሂያ ቤተ መንግሥትን እዩ። የመጀመሪያው የ16ኛው መቶ ዘመን፣ ሁለተኛው የ19ኛው መጨረሻ ሥራ ነው። ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ አንብቡት። ከወለል እስከ ደረት አካባቢ ዘሊጅ ነው፣ ከዚያ በላይ የተቀረጸ ልስን፣ ከሁሉም በላይ የዝግባ እንጨት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውኃ፣ እጅ፣ ትከሻና መጥረጊያ የሚደርሰው ታች ስለሆነ የሚታጠበው ነገር እዚያ ተደረገ። በቀላሉ የሚላጠው ልስን ሰው በማይነካው ከፍታ ላይ ተቀረጸ። እንጨቱ ከእርጥበት በራቀው ቦታ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1923 የተከፈተው ላ ማሙኒያ ሆቴልም፣ በ2010 የተከፈተው ሮያል መንሱር ሆቴልም ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው የሚከተሉት። ለእናንተ ቤት ከማንኛውም ጡብ በላይ የሚጠቅማችሁ ይህ ሕግ ነው። ኮሪደሩ ላይ እስከ 110 ሳንቲም ሜትር የሚታጠብ ነገር፣ ከዚያ በላይ ተራ ለስላሳ ቀለም ብታደርጉ ልጆች እጃቸውን ያሳረፉበት ቦታ በየዓመቱ ቀለም አይጠይቅም።

ዘሊጅ። ከፌዝ ሸክላ በእጅ ተድቦልቡሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ብርጭቆማ ቅብ ተቀብቶ የሚተኮስ ጡብ ነው። የተለመደው መጠን 10 በ10 ሳንቲም ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲም ሜትር ወይም ጥቂት ከፍ ያለ። አንዱ ከሌላው በአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይለያል፣ ፊቱም ጠፍጣፋ አይደለም፣ ጠርዙ ላይ ሸክላው ብቅ ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም። ብርሃን ሲያርፍበት የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው ፊቱ ስለማይስተካከል ነው።

የእኛ የሴራሚክ ሠራተኛ የለመደው የፕላስቲክ መስቀል አስገብቶ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ነው። ዘሊጅ ላይ ይህን ካደረገ ሥራው ተበላሸ። ጡቦቹ ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክተው ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው የሚገባው መሙያ ቀጭን፣ ሊጥ ሳይሆን አጥሚት የሚመስል ነው። ግድግዳው አስቀድሞ በስታጃ (ቀጥ ባለው የለሳኝ ማስተካከያ ዘንግ) ታይቶ በ2 ሜትር ርዝመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መጠምዘዝ የለበትም። የጡቡ ወጣ ገባነት በግድግዳው ወጣ ገባነት ላይ ሲጨመር ስለት ይሆናል። በሲሚንቶ ማጣበቂያ የሚለጠፍ ከሆነ ጡቡን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አረፋው እስኪቆም ጠብቁ፤ ደረቁ ሸክላ የማጣበቂያውን ውኃ ይመጥና በወራት ውስጥ ይነቀላል። ከአንድ ካርቶን ብቻ እያወጣችሁ አትለጥፉ። ሦስት አራቱን ካርቶን ቀላቅሉ፣ አለበለዚያ ግድግዳው ላይ የቀለም ደረጃ ይሠራል። 15 በመቶ ትርፍ እዘዙ። ብዙ የሚረገጥ ወለል ላይ፣ ድስት ሊወድቅበት በሚችል ቦታ ላይ አይሆንም። ቅቡ ይሰነጠቃል።

ታደላክት። ይህ የማራካሽ ኖራ ልስን ነው። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ከሥሩ የኖራና የአሸዋ፣ ሸካራ የሆነ ልስን ይኖራል። ኖራው ከውኃ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያድራል። ቀለም ከተፈለገ የማዕድን ቀለም ብቻ፣ ከኖራው ክብደት 10 በመቶ ሳያልፍ። በሁለት ዙር ይለሰናል፣ በእንጨት ፍራታዞ ይታሻል። ገና እርጥብ ሆኖ ግን ጣት የማይሰምጥበት ደረጃ ሲደርስ በለስላሳ ጠጣር ድንጋይ እየተጫኑ ያሻሉታል። ከዚያ ከወይራ ዘይት የተሠራ ጥቁር ሳሙና በውኃ ቀጥኖ ይቀባና እንደገና በድንጋይ ይታሻል። ሳሙናው ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ውኃ የማያሟሟው ንብርብር ይሠራል። ውኃ የሚከለክለው እሱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሚያበላሸው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ ኖራው። የማራካሹ ኖራ ከሸክላ ጋር ከተደባለቀ ድንጋይ ስለሚቃጠል ከውኃ ጋር የመጠንከር ባሕርይ አለው፤ ተራው ኖራ ግን ከአየር ጋር ብቻ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ሁለተኛ አየሩ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አየሩ ደረቅ ነው። ልስኑ ከላይ ቶሎ ይደርቅና እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። መስኮቱ በላስቲክ ይሸፈን፣ ቀን ቀን ጉም የሚመስል ውኃ ይረጭ። ሦስተኛ ጥድፊያ። ከተጠናቀቀ በኋላ አንድ ወር ያህል ሻወር አይከፈትበትም። በሳምንቱ ውኃ የነካው ታደላክት ይነጣጥባል፣ አይመለስምም።

ስለዚህ ምክሬ፦ መጀመሪያ 50 በ50 ሳንቲም ሜትር የሆነ ናሙና አሠሩ፣ ወር አቆዩት፣ ከዚያ ውኃ አፍስሱበት። ውኃው ተንከባሎ ከወረደ ለእጅ መታጠቢያው ጀርባ ተጠቀሙት። የሻወሩን ወለል ግን በሴራሚክ ሥሩት። ጥሩ ሊሾ የሚሠራ ባለሙያ ካገኛችሁ እጁ ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው፤ መጫንና ማሻሸትን ያውቃል።

ለሳኝ_ሰፈር፦
አንድ ጥያቄ ለ@ኖራና_ድንጋይ። አንዳንድ ቤት ግድግዳው በጂፕሰም ተስተካክሎ አልቋል። በላዩ ላይ ይሠራል ወይ?

ኖራና_ድንጋይ፦
አይሠራም። ጂፕሰም ውኃ ይጠጣል፣ ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ኖራውንም አይይዝም። እስከ ብሎኬቱ ተነሥቶ በኖራና አሸዋ መለሰን አለበት። ቀለም ወይም ስታኮ ላይም አይሆንም። ያ ከከበዳችሁ ማይክሮሴመንት አለ። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የሲሚንቶ ልስን፣ ከላይ መከላከያ ቅብ የሚቀባ፣ ሥራውም ቀላል። መልኩ ይቀራረባል፣ ጥልቀቱ ግን አንድ አይደለም፤ መከላከያ ቅቡ ሲላጥም እንደ አዲስ መቀባት አለበት። ሁለቱንም በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በበረኪና አታጥቡ። ሎሚና ኮምጣጤ አሲድ ስለሆኑ ኖራን ይበላሉ።

ቤት_ለኑሮ፦
የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን አልተመለሰም፣ ምን ይተው የሚለው። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። የሆቴል ክፍል የተሠራው ሁለትና ሦስት ሌሊት ለሚያድር፣ አንድ ሻንጣ ለያዘ፣ ምግብ ለማያበስል ሰው ነው። በየቀኑም ሌላ ሰው ያጸዳዋል።

የመስታወት ግድግዳ ያለው መታጠቢያ ቤት አትቅዱ። ሽታውንም ድምፁንም አይከለክልም፣ የውኃው ነጠብጣብ ደግሞ በየቀኑ መጥረግ ይፈልጋል። መኝታ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ የብቻው ገንዳ አትግዙ። ሙሉው ከ200 ሊትር በላይ ይይዛል። የውኃው ፈረቃ ባለበት ሰፈር ሳምንት ሙሉ ደረቅ ዕቃ ሆኖ ቦታ ይይዛል፤ ወለሉም ያን ክብደት በአንድ ቦታ እንዲሸከም መታሰቡን መሐንዲስ ማየት አለበት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ምንጣፍም እንዲሁ። ሆቴል ያነጠፈው ኮሪደሩ ላይ የሻንጣና የእግር ድምፅ እንዲውጥለት ነው። ቤት ውስጥ አቧራ ይይዛል፣ ቡና ከፈሰሰበት አለቀ።

የሆቴል ቁም ሳጥን ስፋቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ለቤተሰብ ሰው ለእያንዳንዱ ቢያንስ 1.2 ሜትር ስፋት፣ 60 ሳንቲም ሜትር ጥልቀት ያስፈልገዋል። የጋቢ፣ የብርድ ልብስ፣ የክረምት ልብስ ቦታ ሆቴል አያስብም።

ሳሎኑም ከእኛ ኑሮ ጋር አይገጥምም። ሆቴል ሁለት ወንበርና አንድ ትንሽ ጠረጴዛ አስቀምጦ ይጨርሳል። እኛ ለቅሶም፣ ልደትም፣ ማኅበርም በቤት ነው። ቡና የሚፈላበት ቦታ ገና በፕላኑ ላይ ይለይ። መስኮት አጠገብ፣ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ምንጣፍ የማይደርስበት፣ ሊሾ ወይም ሴራሚክ የሆነ ወለል። ቄጠማው ይነሠነሣል፣ ረከቦቱ ይቀመጣል፣ ፍም ቢወድቅ አያቃጥልም። ከዚያ ቦታ በላይ ያለው ጣሪያ በዕጣንና በቡና ጭስ ስለሚጠይም የሚታጠብ ቀለም ቀቡት። ሶኬትም አስቡበት፤ ብዙ ቤት አሁን በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የሚያፈላው።

አንሶላን በተመለከተ ደግሞ በአንድ ካሬ ኢንች የክር ብዛት 1000 የተጻፈበትን አትግዙ። ብዙ ክር አጣምሮ አንዱን እንደ ሦስት መቁጠር ነው። የሆቴሉ አንሶላ ቀዝቀዝ ብሎ የሚንኮሻኮሸው ከ200 እስከ 300 የሆነ፣ አንድ ላይ አንድ ታች ሆኖ የተሸመነ ጥጥ ስለሆነና በሙቅ ታጥቦ በማሽን ስለተተኮሰ ነው። ሳይተኮስ ያ ስሜት አይገኝም።

ድንግል_መሬት፦
በዲዛይን ጉዞ ላይ ለሚያስቡ ሁሉ ሦስት ሆቴሎች መታወቅ አለባቸው፤ ባይታደርባቸውም ፕላናቸው ይጠና።

በጣሊያን ሶሬንቶ ያለው ፓርኮ ዴይ ፕሪንቺፒ፣ የአርክቴክቱ ጂዮ ፖንቲ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የተከፈተ። ፖንቲ ሰማያዊና ነጭ ብቻ ወሰደ። 30 የወለል ጡብ ንድፍ ሠራና አቀማመጡን እየለዋወጠ 100 ያህል ክፍሎችን ወለላቸው አንዱ ከሌላው የተለየ አደረገ። ቀለሙ ሁለት፣ መጠኑ አንድ፣ ልዩነቱ ግን ብዙ። ይህን ቤት ውስጥ በቀላሉ መሥራት ይቻላል። 20 በ20 የሆነ ጡብ ላይ የሩብ ክብ ንድፍ ካለ አራት አቅጣጫ ይዞራል፤ አንዱን ዓይነት ብቻ ገዝታችሁ ኮሪደሩን በማዕበል፣ በረንዳውን በሙሉ ክብ፣ መታጠቢያውን በሰያፍ መደርደር ትችላላችሁ። አንድ ካሬ ሜትር 25 ጡብ ይፈልጋል፤ ለ12 ካሬ 300፣ ከትርፉ ጋር 330። ከመለጠፉ በፊት ሁሉም ደረቁን ይደርደር፣ ከላይ ፎቶ ይነሣ፣ ከዚያ ሠራተኛው ፎቶውን እያየ ይለጥፍ። እጅግ የሚሳሳተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዱን አዙሮ ቀሪውን ሁሉ ሲያስከትል ነው።

ሁለተኛው በኮፐንሃገን የሚገኘው፣ አርነ ያኮብሰን የሠራው ኤስኤኤስ ሮያል፣ እ.ኤ.አ. 1960። «እንቁላል» እና «ስዋን» የሚባሉት ወንበሮች ለዚህ ሆቴል የተነደፉ ናቸው፤ ክፍል 606 እስከ ዛሬ በመጀመሪያው መልኩ ተጠብቋል። ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ወንበሮቹ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ክብ። አፓርታማችን ሁሉ ማዕዘን ስለሆነ አንድ ክብ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ክፍሉን ያለሰልሰዋል። ክብ ጠረጴዛ ከሆነ ክብ መስታወት አይጨመር።

ሦስተኛው የስሪላንካው ካንዳላማ፣ የጄፍሪ ባዋ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተ። ከገደሉ ጋር ተለጥፎ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ነው። ዕፅዋት ሸፍነውታል፣ ውስጡ ደግሞ ሆን ተብሎ ባዶ ነው፤ ሐይቁና ጫካው ይበቃሉና። የእናንተም መስኮት እንጦጦን ወይም የካን የሚያይ ከሆነ ያ ግድግዳ ላይ ምንም አይሰቀል፣ መጋረጃው ሲከፈት መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ይልቀቀው። ለዚህም የመጋረጃው ዘንግ ከመስኮቱ በእያንዳንዱ ጎን ከ20 እስከ 30 ሳንቲም ሜትር ይውጣ።

ፈትል_ቤት፦
መጋረጃ ከተነሣ እኔም ልጨምር። ሩቅ ሀገር ሄዶ ማየት መልካም ነው፣ የሀገር ውስጡንም ግን በዚያው ሜትር ለኩት። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው የአዲስ አበባ ሒልተን መዋኛው በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ቅርጽ ነው። ደባርቅ አጠገብ ያለው ሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ሐውዜን ያለው ገርዓልታ ሎጅ ደግሞ የአካባቢው ድንጋይ። ሁሉም ቦታው ያለውን ነገር ወስደው በጥራት ሠሩት። ማራካሽም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ የእነሱን ጡብ ከመጫን የእነሱን አሠራር ይዞ ሽሮ ሜዳ መውረድ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

የእጅ ሽመና ለመጋረጃ ስትገዙ ሳይቆረጥ ይታጠብ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ቁመቱ ላይ 10 በመቶ ትርፍ ያዙ። ሳይታጠብ ተሰፍቶ የተሰቀለ መጋረጃ ከወር በኋላ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቀራል። የሸማው ወርድ ጠባብ ስለሆነ መገጣጠሚያው መታየቱ አይቀርም። አትደብቁት፣ መገጣጠሚያዎቹ በእኩል ርቀት እንዲወድቁ አድርጉ። የጨርቁን ስፋት ለማግኘት፣ ስስ ከሆነ የዘንጉን ርዝመት በ2 ወይም በ2.5 አባዙ፣ ወፍራም ከሆነ 1.6 ይበቃል። ከኋላው ገበር ይኑረው፤ የከሰዓት ፀሐይ ጥበቡን በአንድ በጋ ያደበዝዘዋል። ጥበቡ ከታች ዳር ብቻ፣ ከአንድ መዳፍ ሳይበልጥ ይሁን። ዘንጉ ከመስኮቱ ላይ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር 10 ሳንቲም ሜትር ላይ ይታሰር፣ ጨርቁ ከወለል 1 ሳንቲም ሜትር ሲቀረው ይቁም። 2.6 ሜትር የሆነ ጣሪያ ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ነው።

አልጋ ግርጌ ላይ ሆቴሎች የሚያነጥፉት ያ ጨርቅ ደግሞ በእኛ ቤት ጋቢ ነው። ለሁለት ታጥፎ ይነጠፋል፣ ሌሊት ይለበሳል።

አዲስ_ቁልፍ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። የመጨረሻ ጥያቄ። ዘሊጁን ለመታጠቢያው ጀርባ ብቻ፣ ሁለት ካሬ የማይሞላ፣ በሻንጣ ማምጣት ይቻላል? ሆቴል ውስጥስ የአንድን ዕቃ ሠሪ እንዴት እናውቃለን?

መለኪያ_በእጅ፦
የሠሪውን ስም ለማወቅ የወንበሩን መቀመጫ ሥር፣ የመብራቱን እግር፣ የበሩን ማጠፊያ እዩ። ብዙው ላይ ምልክት አለበት። ከሌለ ለእንግዳ መቀበያው ጠይቁ፣ የሕንፃ ጥገና ክፍሉ ያውቃል። ጥሩ ሆቴል ይህን ጥያቄ ለምዶታል። የሌሎች እንግዶችና ሠራተኞች ፊት የሚታይበት ፎቶ ግን ሳይፈቀድ አይነሣ። ለማደር ዋጋው ከከበደም በብዙዎቹ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ጠጥቶ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይቻላል፤ ደብተሩን ለመሙላት ይበቃል።

ኖራና_ድንጋይ፦
ሒሳቡን ሥሩት። 1 ሳንቲም ሜትር የሆነ ሸክላ በካሬ ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ካሬ ማለት 40 ኪሎ፣ ከትርፉ ጋር 46። ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሁለት ሙሉ ሻንጣ ነው፣ የማሸጊያው ክብደት ሳይታሰብ። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ከተቀመጠ በጉዞ ላይ ጠርዙ ያልቃል። ስለዚህ ጡቦቹ ቆመው፣ ፊት ለፊት ሆነው፣ በየመሀላቸው ወረቀት ገብቶ፣ በትናንሽ ካርቶን እያንዳንዱ ከ8 ኪሎ ሳያልፍ ይታሸጉ። ካርቶኑ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ክፍተት ከቀረ ጨርቅ ይጠቅጠቅበት። ደረሰኝ አትጣሉ፣ ጉምሩክ ይጠይቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ከአንዱ ቀለም ስድስት ጡብ አውጥታችሁ ሱቁ ደጅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ደርድሩ። የሱቁ መብራት አረንጓዴውን ሰማያዊ ያስመስለዋል።